ድልድዩን የማይሻገር ፈቃድ

ከዚህ በታች የቀረበው በካምፓችን የማኅበረሰብ አዳራሽ ለነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው። በመጨረሻ ከተሰብሳቢው የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ተካተዋል። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



የዛሬው ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። «እኛን እዚህ የራሽን ነገር አሳስቦናል፤ የአሜሪካ ሽጉጥ ምን አገባን?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በዚያ ላይ ከጥር 2025 ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ በማቆሙ የብዙዎቻችን ፋይል ባለበት ቆሟል። ለ2026 የበጀት ዓመት የተፈቀደውም ቁጥር 7,500 ብቻ ነበር። ታዲያ ማን ሊሄድ ነው ይህ ሁሉ ትምህርት?

ትምህርቱ ለሄዱት ነው። በመካከላችን ልጇን፣ ወንድሙን፣ ባሏን ወደዚያ አገር ያልሸኘ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስልክ ይደወላል፣ ይወራል፣ ይመከራል። ባለፈው ወር አንዲት እናት ከክፍል ስወጣ አስቆሙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ቨርጂኒያ ታክሲ ይነዳል። የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ፈርቶ ሽጉጥ ገዛ፤ በሕግም አስፈቀደ። ጓደኞቹ ግን ይዘኸው ዋሺንግተን እንዳትገባ ብለው አስጠነቀቁት። ፈቃድ ካለው ምን ይሆናል ብለው ነው? አገሩ አንድ አይደለም እንዴ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአሜሪካ ምክር ቤቶች ከ15 ዓመት በላይ ተከራክረው ያልጨረሱት ጥያቄ ይኸው የእኒህ እናት ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። ቨርጂኒያና ዋና ከተማዋ ዋሺንግተን ዲሲ የሚዋሰኑት ፖቶማክ በሚባለው ወንዝ ነው። ወንዙ ላይ ድልድዮች አሉ። ታክሲ ነጂ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ይሻገራቸዋል፤ መሻገሩ የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ ሜሪላንድ አለች። የእኛ ሰው በአሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ዲሲ ይሠራል፣ እሑድ በሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ይጠይቃል። ለእሱ አንድ ከተማ ነው። ለሽጉጡ ግን ሦስት አገር ነው። ዲሲ የማንንም ግዛት የመታጠቅ ፈቃድ አይቀበልም። ሜሪላንድም አትቀበልም። የቨርጂኒያን ወረቀት ይዞ፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በወገቡ ሸሽጎ ድልድዩን የተሻገረ ሰው በዲሲ ሕግ ዓይን ፈቃድ የሌለው ታጣቂ ነው። ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል።

ይህን ለመረዳት እኛ ከማንም የተሻልን ነን። ከካምፕ ለመውጣት ሙቭመንት ፓስ የሚባለውን ወረቀት ስንቶቻችን ተሰልፈን አውጥተናል? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቦታና ቀን አለ። ከዚያ ቦታ ካለፍክ ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ እያለ ወረቀት እንደሌለህ ትቆጠራለህ። የመታጠቅ ፈቃድም እንደዚሁ ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ በ1791 የጸደቀ ሲሆን ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለ መብቱ ትርጉም ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በዲሲ ጉዳይ ላይ አንድ ሰው በቤቱ ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ ሊኖረው መብቱ ነው ብሎ ወሰነ። በ2010 በቺካጎ ጉዳይ ይህ መብት ግዛቶችንም እንደሚያስገድድ ተናገረ። በሰኔ 2022 ደግሞ በኒው ዮርክ ጉዳይ መብቱ ከቤት ውጭም ይከተላል አለ። ኒው ዮርክ ከዚያ በፊት ፈቃድ የምትሰጠው «ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት አለኝ» ብሎ ላስረዳ ብቻ ነበር፤ ያ ቀረ። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መጠየቅን፣ የኋላ ታሪክ ማጣራትንና ሥልጠናን በራሳቸው ክልክል ናቸው አላለም። ስለዚህ ማንም ግዛት ጨርሶ መከልከል አይችልም፤ ፈቃዱ እንዴት እንደሚሰጥ ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይወስናል።

መንገዶቹም እጅግ ይራራቃሉ። ቨርሞንት የምትባለው ትንሽ ግዛት ከጥንት ጀምሮ ሸሽጎ ለመታጠቅ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010፣ ቴክሳስ በ2021 ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በ2024 ያለ ፈቃድ መታጠቅን የሚፈቅዱት ግዛቶች ቁጥር 29 ደረሰ። በሌላው ወገን ኒው ዮርክ የ16 ሰዓት ትምህርትና የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጠይቃለች። አንዱ ጋ ወረቀት የለም፣ ሌላው ጋ ፈተና አለ። የክርክሩ ሥር ይህ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። አንደኛው ወገን አንድ የፌዴራል ሕግ ወጥቶ የአንዱ ግዛት ፈቃድ በሁሉም ዘንድ እንዲታወቅ ይፈልጋል። መንጃ ፈቃድን ምሳሌ ያደርጋል፦ በቴክሳስ መንጃ ፈቃድ ኒው ዮርክ ድረስ ይነዳል፣ በአንዱ ግዛት የተፈጸመ ጋብቻ በሌላው ይታወቃል፤ በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት ታዲያ እንዴት ድንበር ላይ ይቀራል? ኮንግረስ በ2004 በሥራ ላይ ላሉና በጡረታ ለወጡ ፖሊሶች በመላ አገሪቱ ሸሽገው እንዲታጠቁ ሕግ አውጥቷል፤ ለፖሊስ ከተቻለ ለተራው ዜጋ ለምን አይቻልም? ይላሉ።

ይህ ወገን ዘወትር የሚያነሳው አንድ ታሪክ አለ፤ እኔም ባነሳው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ነገሩ የሕግ ቃል ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። በ2013 የፊላደልፊያ ነዋሪ የሆነች አንዲት እናት በፔንሲልቫኒያ ፈቃድ አውጥታ ሽጉጥ ገዝታ ነበር። አንድ ሌሊት መኪናዋን እየነዳች ወደ ጎረቤቷ ኒው ጀርሲ ገባች። የትራፊክ ፖሊስ አስቆማት። እሷም በቅንነት «ሽጉጥ ይዣለሁ፣ ፈቃዴም ይኸው» አለችው። ፈቃዷ እዚያ ምንም አልነበረምና ታሰረች። ተፈርዶባት ቢሆን ኖሮ ከ3 ዓመት ተኩል ያላነሰ እስራት ይጠብቃት ነበር። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ብዙ ሰው ከጮኸ በኋላ ከእስራቱ የሚያድናት ሌላ መንገድ ተፈለገላት፤ በ2015 ደግሞ የግዛቲቱ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ አደረጉላት። ማንንም አልጎዳችም፣ አልዋሸችም፤ የበደሏ ምንጭ እውነቱን መናገሯ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ወገን የሚለውም መሰማት አለበት። «መንጃ ፈቃድን አታምጡብን፤ እሱን ያወቁት ግዛቶቹ ራሳቸው ተስማምተው እንጂ ኮንግረስ አስገድዷቸው አይደለም። መንጃ ፈቃድ ለማግኘት የትም ሂድ የትም ፈተና አለ። እናንተ የምትጠይቁን ግን ያልተፈተነውን ሰው ከተፈተነው እኩል እንድናይ ነው» ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ ነጥብ እውነቱ ከእነሱ ጋር ነው። ዓለም አቀፉ የፖሊስ አዛዦች ማኅበርም በ2017 ሕጉን ተቃውሟል፤ በመንገድ ላይ የቆመ ፖሊስ የ50 ግዛት ፈቃድ እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራበት አንድ የጋራ መዝገብ የለምና። ፈቃድ ጨርሶ ከማይጠየቅበት ግዛት የመጣውንማ በምን ያጣራዋል?

ሰዎች ሲታጠቁ ወንጀል ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል የሚለውም አልተቋጨም። ጆን ሎት የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ይቀንሳል አለ። በ2004 የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ማስረጃው ወደ የትኛውም አያደርስም ብሎ ደመደመ። በ2019 ጆን ዶናሁና ባልደረቦቹ መታጠቅን ያቀለሉ ግዛቶች ከ10 ዓመት በኋላ የኃይል ወንጀላቸው ካልተቀለለ ኖሮ ከሚጠበቀው ከ13 እስከ 15 በመቶ ይበልጣል ብለው አሳተሙ። ሁሉም የሚስማማውን ሊቅ ይጠቅሳል።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። በሌላ ጉዳይ ሁሉ «ግዛቶች በራሳቸው ይወስኑ፣ ማዕከላዊው መንግሥት እጁን ይሰብስብ» የሚሉት ሪፐብሊካኖች እዚህ ላይ የማዕከላዊውን ኃይል ይለምናሉ። በሌላ ጊዜ ፌዴራል ሕግ ይውጣ የሚሉት ዴሞክራቶች ደግሞ የግዛት ሥልጣን ጠበቃ ይሆናሉ። የፖለቲካ ሰው የትም አገር ያው ነው፤ የእኛዎቹን አይተን ስለምናውቅ ብዙ አንደነቅም።

ሕጉ ተሞክሮ ተሞክሮ አልሆነም። በ2009 በሴኔት 58 ለ39 ድምፅ አገኘ፤ የሚያስፈልገው 60 ነበርና ወደቀ። በ2013 እንደገና 57 ለ43 ሆኖ ወደቀ። በታኅሣሥ 2017 የተወካዮች ምክር ቤት 231 ለ198 አሳለፈው፤ ሴኔቱ ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። በጥር 2025 የሰሜን ካሮላይናው ተወካይ ሪቻርድ ሃድሰን እንደገና አቀረቡት፤ በመጋቢት 2025 የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ አሳልፎታል። ከኮሚቴ ማለፍ ሕግ መሆን አይደለም። ስልክ ላይ «ሕጉ ወጥቷል፣ አሁን የትም ይዘህ መሄድ ትችላለህ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ የሰማው ይህን ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዜጎች ነው። አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ፤ ዛሬ የጠራኋችሁም ለዚህ ነው።

በስደተኝነት በሕጋዊ መንገድ የገባ ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ እንዳይዝ አልተከለከለም። ግሪን ካርድ ያለውም እንዲሁ። አንዳንድ ግዛቶች ግን ለፈቃዱ ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ፤ ቨርጂኒያ ከነዚህ አንዷ ናት። የጎብኝና የተማሪ ቪዛ የያዙ፣ ለአደን ፈቃድ እንደ ማውጣት ካለ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ የተከለከሉ ናቸው። ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖር ሰውማ ሽጉጥ ቢነካ በፌዴራል ሕግ እስከ 15 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

እንግዲህ የእኒያን እናት ልጅ አስቡት። ግሪን ካርድ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ጥፋት የለበትም። የፊላደልፊያዋ እናት የሠራችውን ስሕተት ቢሠራ ምን ይሆናል? ለእሷ አደጋው እስር ቤት ነበር። ለእሱ እስር ቤቱ የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ወደ አገሪቱ ከገባ በኋላ በማናቸውም ጊዜ ማናቸውንም ሕግ ጥሶ ሽጉጥ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም በመታጠቅ ከተፈረደበት ከአገር ሊወጣ ይችላል ይላል። «ማናቸውንም ሕግ» የሚለውን ልብ በሉ፤ የፌዴራል ብቻ ሳይሆን የግዛትም ሕግ ማለት ነው። እስራቱ ስንት ዓመት ነው የሚል መለኪያም የለውም።

ሁለተኛም አለ። በአንዳንድ ግዛት ፍርድ ቤት «ጥፋተኛ ነኝ በልና ለአንድ ዓመት ጠባይህን ካሳመርክ ፋይሉን እንዘጋልሃለን» ይባላል። ዜጋው ተደስቶ ይፈርማል። የስደተኞች ሕግ ግን ጥፋተኛ ነኝ ያለና አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ የተጣለበትን ሰው እንደተፈረደበት ይቆጥረዋል። የግዛቱ ዳኛ ዘግቼዋለሁ ያለውን ፋይል የስደተኞች ዳኛ ይከፍተዋል።

ሦስተኛው የገዥው ይቅርታ ነው። ለፊላደልፊያዋ እናት የደረሰላት እሱ ነበር። ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን የስደተኞች ሕግ በገዥ ይቅርታ ሊታለፉ የሚችሉ ጥፋቶችን ሲዘረዝር የመሣሪያን ጥፋት አላስገባም። ይህን ሳነብ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያየሁት።

በስደተኝነት የገባ ሰው ግሪን ካርድ ለማመልከት አንድ ዓመት፣ ዜግነት ለማመልከት ደግሞ ከገባበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ይቆያል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ድልድዩ ለእሱና ለዜጋው እኩል አይደለም።

የእኔን ሐሳብ ከፈለጋችሁ፣ ግዛቶች የሥልጠና መመዘኛቸውን ይዘው ቢቆዩ አልቃወምም። ከእነሱም መካከል አንዳንዶቹ ለምን እንደሚጠነቀቁ ይገባኛል፤ እኛም መሣሪያ በየቤቱ ሲበዛ የሚሆነውን አይተን ነው እዚህ የደረስነው። በቅንነት የተሳሳተን መንገደኛ ግን እንደ ሽፍታ መቅጣት ፍትሕ አይደለም። ኮንግረስ ሁሉንም ግዛት አስገድዶ የማያምኑበትን ፈቃድ ከሚያስቀበል ይልቅ፣ ፈቃድ ያለውና ያልደበቀ ሰው ሲሳሳት በማስጠንቀቂያ ወይም በገንዘብ ቅጣት እንዲታለፍ ቢያደርግ የተሻለ ይመስለኛል። ክርክሩ ግን «ሁሉም ወይም ምንም» በሚል ስለቆመ ይህን ሐሳብ የሚያነሳ ብዙም አይሰማም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን።

ጥያቄ፦ መኪናው ውስጥ ቆልፎ ቢያልፍስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ከተነሳህበት ቦታም ከምትደርስበትም ቦታ በሕግ መያዝ የሚፈቀድልህ ከሆነ፣ በመካከል ያለውን ግዛት ማለፍ ትችላለህ። ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ መሆን አለበት፤ እሱም ሆነ ጥይቱ ከተቀመጥክበት እጅህ የማይደርስበት፣ ለምሳሌ በመኪናው የኋላ የዕቃ ማስቀመጫ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን ይሁን፤ ከፊት ወንበር ፊት ያለችው ትንሽ ሣጥን ግን አትቆጠርም። ይህ ለማለፍ ብቻ ነው። በ2005 አንድ የዩታ ሰው ወደ ፔንሲልቫኒያ ሲሄድ በኒው ጀርሲ አውሮፕላን አመለጠውና ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ። ሽጉጡ በሻንጣው ተቆልፎ ነበር። በማግሥቱ አውሮፕላን ጣቢያው ደርሶ ሲያስመዘግብ ታሰረ። ክሱ በኋላ ቢነሳለትም እሱ ላቀረበው ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2010 የሰጠው መልስ፣ ሌሊቱን ሽጉጡ እጁ በሚደርስበት ስለነበር ሕጉ አይከልለውም የሚል ነው። ታክሲ ነጂ ደግሞ ዲሲ የሚገባው ለማለፍ ሳይሆን ለመሥራት ነው፤ ስለዚህ ይህ ሕግ ብዙ አይረዳውም።

ጥያቄ፦ ኡበር የሚሠሩትስ? የእኔ ወንድም ኡበር ነው።

መልስ፦ ኡበር ከ2015 ጀምሮ ነጂም ሆነ ተሳፋሪ መሣሪያ እንዳይዝ ከልክሏል። የግዛቱ ሕግ ቢፈቅድም ኩባንያው ሊያሰናብተው ይችላል።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ካስቆመው መደበቅ ይሻላል ማለት ነው? ያቺ ሴት እውነቱን ተናግራ አይደል የታሰረችው?

መልስ፦ አይደለም፣ እንዲህ እንዳትመክሩት። ለፖሊስ መዋሸት ሌላ ወንጀል ይጨምርበታል፤ ሽጉጥ መኖሩን ሳያውቅ በድንገት ያየ ፖሊስም ሊተኩስ ይችላል። እጆቹን መሪው ላይ ያድርግ፣ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገር። ከታሰረ ግን ጠበቃ እስኪመጣ ስለ ጉዳዩ ሌላ ቃል የመስጠት ግዴታ የለበትም። ጠበቃውንም «ዜጋ አይደለሁም» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ይንገረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010፣ ተከሳሹ ዜጋ ካልሆነና ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ከአገር ሊያስወጣው የሚችል ከሆነ ጠበቃው ይህን ሊነግረው ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ጠበቃው ካላወቀ ግን አይነግረውም።

ጥያቄ፦ (ጥያቄውን ያነሱት እኒያው እናት ናቸው።) እንግዲህ ዛሬ ማታ ሲደውልልኝ ምን ልበለው?

መልስ፦ እማማ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ እሱ ባለበት ከተማ የስደተኞች ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ይጠይቅ። እስከዚያ ግን ወደ ሥራ ሲወጣ ሽጉጡን ቤት ቆልፎ ይውጣ በሉት። ዜግነቱን ሊያመለክት ስንት ጊዜ ቀረው?

«ሰባት ወር።»

ሰባት ወሩን፣ ከዚያም የዜግነት መሐላውን እስኪፈጽም፣ ድልድዩን ያለ ሽጉጥ ይሻገር። ዜጋ ከሆነ በኋላም ቢሆን ዲሲ ይዞ መግባት ከፈለገ የዲሲን ፈቃድ ራሱን ያውጣ፤ ለሌላ ግዛት ነዋሪም ማመልከቻው ክፍት ነው። ሌሊት መሥራት ካስፈራው የቀን ፈረቃ ይጠይቅ። ገንዘቡ ያንሳል፣ አውቃለሁ፤ ለእርስዎ የሚልከውም ሊያንስ ይችላል። ይህን ራስዎ ይንገሩት፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማል።